አዲሱን ፕሮግራም የፈራው ጆሮ

የሰፈሩ ሰው ጆሮ ብሎ ነው የሚጠራው። ቅጽል ስሙ ከወጣለት ብዙ ዘመን ስለሆነው እናቱ ያወጡለትን ስም የሚያስታውሱት ሚስቱና የመብራት ቆጣሪ የሚያነብበው ሰውዬ ብቻ ሳይሆኑ አይቀሩም። ሥራው ድምፅ ቀራጭ ነው፤ ስሙም የመጣው ከሥራው ነው። ባንዱ እየተጫወተ ጀርባውን ሰጥቶ ይቆምና የትኛዋ የጊታር ክር እንደላላች ይናገራል። ሠርግ ተጠርቶ ኦርጋኑ ትንሽ ከተዛነፈ የጎረሰው አይወርድለትም። መኪና ያለው ጎረቤት ሁሉ ጋራዥ ከመሄዱ በፊት እሱ በር ላይ ሞተር ያስነሳና እስቲ ስማልኝ ይለዋል። እሱም አንገቱን ዘንበል አድርጎ ያዳምጥና ወይ ቺንጋዋ ናት፣ ወይ ምንም የለባትም፣ አንተ ነህ የምታስጨንቃት ብሎ ይሸኘዋል። በዚህ በጣም ይኮራ ነበር፤ ትሕትና የሚያበዛ ሰው አይደለም።

ስቱዲዮው ከቤቱ ጀርባ ያለች አንዲት ክፍል ናት። ግድግዳዋ አሮጌ ምንጣፍና የእንቁላል ካርቶን ተለጥፎበታል። በአንደኛው ጥግ ማይክና የዘፋኝ በርጩማ፣ በሌላው ጠረጴዛ፣ በጠረጴዛው ላይ ሽማግሌ ኮምፒውተር፣ በኮምፒውተሩ ውስጥ ደግሞ ከኮምፒውተሩም በዕድሜ የሚበልጥ የሚመስል የቀረጻ ፕሮግራም አለ። ከግራና ከቀኝ ሁለት ስፒከሮች ቆመዋል። ከአጥሩ ማዶ ግን አናጺ አለ። መጋዙ ቀኑን ሙሉ ይጮኻል፤ ብናኙም በመስኮቱ ስንጥቅ እየገባ ያገኘው ዕቃ ላይ ይተኛል። ለጩኸቱ መላ ተገኝቶለታል፦ ቀረጻ ሲጀመር ሚስቱ አጥሩ ላይ ቀይ ጨርቅ ትሰቅላለች፣ አናጺውም ጨርቁን ሲያይ መጋዙን አቁሞ ሻዩን ይጠጣል። ልብስ ሰፊ ናትና እሷም ሳሎን ያለውን የስፌት መኪናዋን ታቆማለች። ለብናኙ የተገኘው መላ ደግሞ ሁሉንም ዕቃ ልብስ ማልበስ ነው። የኮምፒውተሩና የማይኩ ልብስ በሥራ ሰዓት ይወልቃል። የስፒከሮቹ ግን ስስ ስለሆነ አይወልቅም፤ እንደለበሱ ይሠሩበታል፣ ዕድሜ ልኩን እንዲሁ ነው የሠራው።

ነገሩ የጀመረው በሠርግ ዘፋኟ ነው። የሁለቱም ፀጉር ጥቁር ከነበረበት ጊዜ ጀምሮ ሌላ ሰው ጋ ተቀርጻ አታውቅም። አዲሱን ዘፈኗን ሠርቶ ከሰጣት በኋላ ተመልሳ መጣች፤ በርጩማው ላይ ተቀምጣ ስለ ጉልበቷ አወራች፣ ስለ ልጆቿ አወራች፣ የመጣችበትን ጉዳይ ያወጣችው ልትሄድ ስትነሳ ነው።

"ወንድሜ፣ አትቀየመኝና፣ ድምፄ ይወጋል። 'ስ' ባልኩ ቁጥር ጆሮ ውስጥ መርፌ የሚገባ ነው የሚመስለው። ልጆቼ እንኳ ዝጊው አሉኝ።"

እሷ ስትሄድ ዘፈኑን ከፍቶ ሰማው። ማር ነው። ደግሞ ሰማው፤ አሁንም ማር። ሴትዮዋ አርጅታለች ብሎ ነገሩን ሊተወው ነበር። ነገር ግን የጫማ መደብር ማስታወቂያ ያስቀረጸው ነጋዴ ደውሎ ያንኑ ሲደግምለት ልቡ ደንገጥ አለ። ሁለት የማይተዋወቁ ሰዎች ተመካክረው አይዋሹም።

የፕሮግራሙን ነገር ያመጣችው ሚጡ ናት። ሚጡ ብቸኛ ልጁ ናት፤ አግብታ ከቤት ከወጣች ቆይታለች፣ ማተሚያ ቤት ውስጥ ኮምፒውተር ላይ ትሠራለች፣ ከሥሯም ሰው ታዛለች፣ እዚህ ቤት ስትመጣ ግን ያው ሚጡ ናት። ጉዳዩን ስትሰማ ሳታመነታ ፈረደች። ጥፋቱ የፕሮግራሙ ነው አለች፤ እሱ የያዘውን ቨርዥን የሠሩት ሰዎች ራሳቸው ረስተውታል፣ አዲሱ ወጥቷል፣ ድምፅ የሚያጠራው በሌላ መንገድ ነው፣ ስቱዲዮ ያለው ሁሉ ቀይሯል። አንድ ቀን ከሰዓት መጥቼ እጭንልሃለሁ አለችው።

እሱ ሰበብ መደርደር ጀመረ። የድሮ ሥራዎቼ በአዲሱ አይከፈቱም አለ። ይከፈታሉ አለችው። ኮምፒውተሩ አይችለውም አለ። የኔን ይዤ እመጣለሁ፣ ከወደድከው የሚችል ኮምፒውተር እንፈልጋለን አለችው። ዓይኔን ጨፍኜ የምነካውን ሁሉ ትቼ በስተርጅና ቁልፍ ፍለጋ ልገባ ነው ወይ አለ። ይህችኛዋን ሰበብ እሱ ራሱም ወደዳት። ከዚያ በኋላ እየደወለች ስትጨቀጭቀው ጆሮ ዳባ ልበስ ብሎ ወሬውን ወደ ባሏ ጤንነት ያዞረዋል።

ከሰበቦቹ ግማሹ እውነት ነበረው። ዋናውን ግን ለማንም አልተናገረም። ድምፁ የሚወጋው በፕሮግራሙ ምክንያት ከሆነ መልካም። አዲሱ ተጭኖም መውጋቱን ካልተወ ግን የሚጠረጠር ሌላ ነገር አይኖርም፤ የሚቀረው የእሱ ጆሮ ነው። አሮጌው ፕሮግራም እዚያ እስካለ ድረስ ቢያንስ የሚያላክክበት አለው። ስለዚህ አይነካም።

አባቱ የማርሽ ባንድ ትራምፔት ነፊ ነበሩ። ጡረታ ሳይወጡ ነው ጆሯቸው መድከም የጀመረው። መጀመሪያ የራቋቸው ቀጫጭኖቹ ድምፆች ናቸው፤ የወፍ፣ የሕፃን፣ የቁልፍ። በኋላ ሰው ሲያወራ ፈገግ ብለው ራሳቸውን መነቅነቅ ብቻ ሆነ ሥራቸው፤ ሐዘን ሲነገራቸውም ፈገግ ይሉ ነበር። ቀራጩ ዛሬ አባቱ ያን ጊዜ በነበሩበት ዕድሜ ላይ ነው። ያ ፈገግታ በራሱ ፊት ላይ የሚመጣበትን ቀን ያስባል። ጆሮ የተባለ ሰው ጆሮው ከሄደ ምን ተብሎ ሊጠራ ነው?

ራሱን መፈተን ጀመረ። የሳሎኑን ሰዓት ከሩቅ ቆሞ ያዳምጣል፤ ቀጭ ቀጭ ይላል። ወደ ኋላ ይሸሻል፤ አሁንም ይሰማዋል። ደስ ሊለው ሲል፣ ሰምቼው ነው ወይስ እንደዚያ እንደሚል ስለማውቅ ነው የሚል ጥርጣሬ ይገባና ደስታውን ያበላሽበታል። ዘፈኑን ሌላ ሰው ቤት ወስዶ መስማት ይችል ነበር። አልደፈረም። በሐሳብ ስለሚዋጥ ሲጠሩት አይመልስም፤ ገበታ ላይ ተቀምጦም ቀልቡ ሌላ ቦታ ነው። በዚህ ላይ ሚስቱ ሰሞኑን ቁጣ ቁጣ ይላታል። ውሃው ሞቋል ለማለት እንኳ ጎረቤት እስኪሰማ ትጮኻለች። ከልጇ ጋር አብራብኝ ነው ብሎ ደመደመ፤ እሱም አኩርፎ ይበልጥ ዝም አለ።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ሚጡ ሳትጠራ መጣች። የሠርግ ዘፋኟን መንገድ ላይ አግኝታ በመኪናዋ ስትሸኛት ዘፈኑን አብረው ሰምተውታል፤ እውነትም ይወጋል። ላፕቶፗን አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። አዲሱን ቨርዥን ለሙከራ ጭኜበታለሁ፣ ካልወደድከው ይዤው እሄዳለሁ አለች። እናቷ ቀዩን ጨርቅ ሰቀለች፤ መጋዙ ዝም አለ። ቀራጩ እጁን አጣምሮ ወንበሩ ላይ ቁጭ አለ፤ ጥርስ ሊያስነቅል የመጣ ሰው ይመስል ነበር።

የዘፋኟ ሥራ በአዲሱ ያለ ምንም ችግር ተከፈተ፤ አንደኛው ሰበብ እዚያው ሞተ። ስክሪኑ ያማረ ነው፣ ድምፁ በቀለም ከፍ ዝቅ እያለ ይታያል። ሚጡ ስፒከሮቹን ከላፕቶፑ ጋር አገናኝታ ለቀቀችው። ማር ነው።

"አየህ አባዬ?" አለች ሚጡ፣ ጥርስ በጥርስ ሆና። "መኪና ውስጥ ሲወጋን ነበር። አሁን ጠፋ። አላልኩህም ፕሮግራሙ ነው?"

እሱ ግን ደስ አላለውም። በአሮጌው ልቀቂው አላት። ገመዱን መልሳ ወደ ሽማግሌው ኮምፒውተር አዞረችና ያንኑ ዘፈን ለቀቀች። ያው ነው፤ ማር። ልዩነት ፈለገ፣ አጣ። በአዲሱ ጠፋ የተባለው ነገር በአሮጌውም አልነበረም፤ ወይም ነበረና እሱ አይሰማውም። በሆዱ ይዞት የኖረው ነገር በዚህ ጊዜ አመለጠው።

"ሚጡ፣ ጆሮዬ ሄዷል። እንደ አያትሽ ሆኛለሁ። የሚወጋው ነገር ለኔ አይሰማኝም።"

ሚጡ ግንባሯን ቋጥራ ስፒከሮቹን እያየች ነበር።

"እኔም እኮ አልሰማሁትም" አለች።

አታባብይኝ አላት። እሷ ግን በእናቷ ማለች፤ አሁን በአሮጌውም አይወጋም፣ መኪና ውስጥ ይወጋል፣ እዚህ አይወጋም። ሁለታችንም በአንድ ጊዜ ልንደነቁር አንችልም አለችና ገመዱን ልትመረምር ከግራው ስፒከር ኋላ ገባች። ዘፈኑ እየተጫወተ ነው። ልብሱ እጇን ስለያዘባት አውልቃ አባቷ ጉልበት ላይ ጣለችው። ዘፋኟም አዝማቹ ላይ ደርሳ ነበርና 'ስ' አለች።

ከግራ በኩል መርፌ ገባ። ቀራጩ ከወንበሩ ተስፈነጠረ።

"ይወጋል" አለ። "ሚጡ፣ ይወጋል!"

ልብሱን አለበሰው፤ ማር ሆነ። አወለቀው፤ መርፌ። አለበሰው፣ አወለቀው፤ አዲስ መጫወቻ ያገኘ ሕፃን ሆነ። በሥራው መበላሸት እንዲህ የተደሰተ ድምፅ ቀራጭ ከዚያ በፊት የነበረ አይመስለኝም። ጨርቁን በጣቶቹ መካከል ሲያሸው ጉዱ ገባው፤ ስስ አይደለም፣ ድርብ ነው፣ በመሃሉም ወፍራም ገበር አለው፤ ካፖርት በሉት። ቀጫጭኖቹ ድምፆች ካፖርቱ ውስጥ ይቀሩና ለእሱ ይደበዝዙበታል፤ እሱም ይሰሙ ብሎ ከፍ፣ ከፍ ያደርጋቸዋል። ዘፈኑ ከዚህ ክፍል ሲወጣ ግን ልብሱን እዚሁ ጥሎ ነው የሚወጣው። ቀለሙ ያው የድሮው ስለሆነ አንድም ቀን አልጠረጠረም፤ ጆሮ ተባለ እንጂ ዓይን ብሎ የጠራው ማንም የለም።

ሚስቱን ጠራት። ሜትሩን አንገቷ ላይ እንዳጠለቀች፣ ስፒል በከንፈሮቿ እንደያዘች መጣች፤ ስፒሎቹን አውጥታ ምን ሆናችሁ ብላ ጮኸች። ጨርቁን አሳይቶ መቼ እንደሰፋችው ጠየቃት። አሮጌዎቹ ስታጥባቸው እጇ ላይ እንደተበጣጠሱ፣ እሱ ደግሞ ብናኙ ስፒከሬ ውስጥ ገባ እያለ ሲያማርር ስለሰማች፣ ከሰው መጋረጃ በተረፈ ጨርቅ ገበር አስገብታ ዘፋኟ ለአዲሱ ዘፈኗ ልትመጣ ሰሞን አዲስ እንደሰፋችላቸው ነገረችው። የላዩን ቀለም ለማመሳሰል ያልገባችበት የጨርቅ ሱቅ የለም።

"አንተ ነገር ሲቀየር ስለማትወድ እንዳታውቀው ብዬ ነው" አለች፣ ኮራ ብላ።

ሚጡ አፏን በእጇ ይዛ ወደ ግድግዳው ዞረች። ቀራጩ ገበሩ የሠራውን ሥራ ሲያስረዳት ግን ኩራቷ ከፊቷ ላይ ጠፋ፤ የበደለችው መስሏት ዓይኗን ከጨርቁ ላይ ማንሳት አቃታት። ይሄ እኮ ደስ የሚል ወሬ ነው፣ ጆሮዬ የጠፋ መስሎኝ ነበር አላት። ይህን ስትሰማ የዘፋኞቹ በርጩማ ላይ ቁጭ አለች።

"እኔም መስሎኝ ነበር" አለች። "ጠርቼህ ጠርቼህ ዝም ስትለኝ፣ እንደ አባትህ ሆነብኝ ብዬ ፈራሁ። የምጮኸው እኮ ለዚህ ነው።"

የተቆጣች መስሎት ማኩረፉን ሲነግራት መጀመሪያ ሚጡ ሳቀች፣ ከዚያ ሁለቱም። ሳቁ ሲያልቅ ዓይኑን በስፒከሩ ልብስ ጠረገ። 

ሚጡ ታዲያ ላፕቶፑን ይዤ ልሂድ ወይ ብላ ጠየቀችው። አይ፣ ተዪው አለ፤ የዘፋኟን ሥራ እጄ በለመደው በአሮጌው ላስተካክልና ከነገ ወዲያ አዲሱን ታስተምሪኛለሽ። የሚሸሽበት ነገር ስላልነበረ ቁልፍ መፈለጉ እንኳ አላስፈራውም። እንዲያውም ያ በቀለም ከፍ ዝቅ የሚለው ነገር ትንሽ ደስ ብሎታል፤ ይህን ግን ለሚጡ አልነገራትም።

ሚስቱ ገበሩን ልታወጣ ሁለቱንም ልብሶች ሰብስባ ወጣች። ቀዩን ጨርቅ ያወረደው ሰው ስላልነበረ መጋዙ ገና ዝም እንዳለ ነው። ጀርባዋን ሰጥታ ኮሪደሩን ስታልፍ፣ እንደ ድሮዋ ለራሷ አጉረመረመች።

"ይህን ሁሉ ጊዜ ብቻውን በሆዱ ይዞት። ግትር።"

"ሰማሁ" አለ ከወንበሩ።

ኮሪደሩ ውስጥ እግሯ ቆመ። ከዚያም ከትንፋሽ ብዙ በማይበልጥ ድምፅ ተመስገን አለች፤ ይህንንም ሰማው።