አንቴናና አለቃ

ጋምቤላ ክልል፣ ድንበር ላይ ባለው ማታር ጤና ጣቢያ ስሠራ አለቃችን የማያውቀው ነገር መኖሩን የማያውቅ ሰው ነበር። ኔትወርክ ጠፍቶ በሰነበተበት ጊዜ ለቢሮው ሬዲዮ ብሎ የዓሣ አጥንት የመሰለ አንቴና አስመጥቶ በቢሮው ቆርቆሮ ላይ፣ ከጄኔሬተሩ አጠገብ አስተከለ።

«ይሄ እኮ የቴሌቪዥን ነው፤ ለአጭር ሞገድ አይሆንም» አልኩት።

«የጀርመን ሥራ ነው!» አለኝ፣ ጀርመን ሲባል የሬዲዮ ሞገድ የሚደነግጥ ይመስል።

ከድንበሩ ማዶ፣ ደቡብ ሱዳን ውስጥ ውጊያ ተነሳ ተብሎ ነበር። ኑዌሯ አዋላጃችን ወንድሟ እዚያ ስለነበረ የጁባን ወሬ ለመስማት ቢሮው ገባች። ሬዲዮው የጄኔሬተሩን ድምፅ እየቀዳ ያንኮራፋል። እሱ ዓይኑን ጨፍኖ፣ «ሰማሽ? እየመጣ ነው» ይላታል። ከዚያ ሁሉ ጉራ ውስጥ የመጣ አንድም ቃል አልነበረም።

የራሴን ትንሽ ሬዲዮ ይዤ ከእሷ ጋር በግቢው ጫፍ ወዳለው ወንዝ ወረድኩ። ከተበላሸ የውኃ ፓምፕ የፈታሁትን ሽቦ ጫፍና ጫፉን በግሉኮስ ላስቲክ አሥሬ በሁለት ማንጎ ዛፎች መካከል ዘረጋሁ። ዝቅ ሲል ምንም የለም። ከፍ ሳደርገው አንድ የዓረብኛ ጣቢያ ሁሉንም ዋጠው። አሳጠርኩት፤ አቅጣጫውንም ቀየርኩ። በመጨረሻ ብረት እርጥብ አፈር ውስጥ ቀብሬ በሌላ ሽቦ ከሬዲዮው ጋር ሳገናኘው ጩኸቱ ረገበ።

«ተው! አትንካ በቃ!» አለች። በቋንቋዋ የሚናገር ሰው ድምፅ ጥርት ብሎ ወጣ። አፏን ይዛ ሰማች። «የእኛ መንደር ሰው ሸሽቶ ወጥቷል አለ። ወደ ወንዝ እየመጣ ነው።»

አለቃችን ከኋላችን ደረሰ። «በመንግሥት ግቢ ሽቦ መዘርጋት ማን ፈቀደላችሁ?» አለ። ወዲያው ደግሞ ጎንበስ ብሎ፣ «እስቲ የኳስ ጨዋታውን ፈልግልኝ» አለኝ።

«እሱን ከጀርመኑ ይስሙት» ብዬ ሬዲዮውን ለእሷ ሰጠኋት። ሽቦውን በዚያው ቀን አስነሳኝ፤ እኔም እሷ ግቢ ወስጄ ሰቀልኩት።

ከጥቂት ቀናት በኋላ ወንድሟ በጀልባ ተሻግሮ መጣ፤ እግሩ አብጦ ነበር። ቁስሉን እያጠብኩለት ሳለ አለቃችን ከጋምቤላ የመጡ እንግዶችን እየመራ ገባ። «ስደተኞቹ እንደሚመጡ ቀድመን የሰማነው እኔ ባስተከልኩት አንቴና ነው» አላቸው። እንግዶቹ አጨበጨቡለት። አዋላጇ በነጠላዋ ጫፍ አፏን ሸፍና ትከሻዋ እስኪንቀጠቀጥ ሳቀች። እኔ መሳቅ እንኳ ለእሱ ይበዛበታል ብዬ ፋሻውን መጠቅለል ቀጠልኩ።