የነሐሷ ሴት በሽርጧ የያዘችው

አክስት ቱርዛ ኪንኬድን በዊሎው ቤንድ ከተማ የማያውቃት የለም፤ የሚያውቃት ግን በክርክሯ ነው። እኔ አጥር ተጋርቻት ስለኖርኩ የክርክሯን ምክንያትም አውቃለሁ። እግዚአብሔር እንዲህ ያለች ጎረቤት ስለሰጠኝ አመሰግነዋለሁ፤ ትዕግሥትም አብሮ ስለሰጠኝ፣ ያለዚያ አልዘልቀውም ነበር።

እናቷ ኬዚያ ወደዚህ የአሜሪካ ግዛት፣ ወደ ኔብራስካ፣ የገባችው ሜዳው አንድ ዛፍ እንኳ ባልነበረው ዘመን ነው። ከነሣሩ በተቆረጠ የአፈር ጓል በተሠራ ቤት ልጆቿን አሳደገች፤ ስትሞትም እዚያው ደጅ ተቀበረች። ኋላ መሬቱ ተሸጠ፤ የእንጨት መስቀሉ ወደቀ፤ አዲሱ ባለቤትም ሳያውቅ አረሰው። መቃብሩ የት እንደነበር ቱርዛ ራሷ መለየት አቃታት። ስለዚህ የከተማችን የሴቶች ማኅበር ለቀደሙት ሰፋሪ እናቶች የነሐስ ሐውልት እናቁም ሲል፣ ለሌሎቻችን የአደባባይ ጌጥ ነበር፤ ለእሷ የእናቷ የመቃብር ድንጋይ።

ለገንዘቡ ፓይ የሚባለውን የፍራፍሬ ኬክ ጋግረን ሸጥን፤ የከተማው ሰው ስም የተጠለፈበት ብርድ ልብስም ሠራን። ብርድ ልብሱን በዕጣ እናውጣው ስንል የሜቶዲስት ቤተ ክርስቲያን ሴቶች «ዕጣ ቁማር ነው» ብለው አስቀሩት። ይህ እንኳ ቀላሉ ነበር። ሐውልቷ ምን ትያዝ? የሉተራን ቤተ ክርስቲያን ሴቶች መጽሐፍ ቅዱስ አሉ። ሜቶዲስቶቹም ያንኑ ሊሉ ነበር፤ ሉተራኖቹ ስለቀደሟቸው ብቻ ሕፃን ትቀፍ አሉ። ባሎቻችን ሳይጠየቁ ጠመንጃ አሉ። እንዲህ እየተባባልን ዓመታት አለፉ፤ እኔም ስብሰባ በተጠራ ቁጥር ራሴን ያመኝ ጀመር።

አንድ ቀን ቱርዛ ተነሣች። «ሽርጧን ሰብስባ ትያዝ። ሽርጡ ውስጥ ኩበት ይሁን።»

ሰብሳቢያችን የባንክ ሥራ አስኪያጁ ሚስት ሌቲሺያ ስትራውድ ነበረች። መነጽሯን አወለቀች። «ኩበት?»

«ኩበት።»

«በነሐስ?»

«ታዲያ እንጨት ከየት ይመጣ ነበር? እናቴ ዳቦ የጋገረችው በመዝሙር መሰለሽ?»

«ኧረ ቱርዛ፣ በጌታ! ልጆች ያዩታል!»

«የዚህ አገር ልጅ ላም አይቶ አያውቅም? ያንቺም እናት ለቅማለች፣ ሌቲሺያ። ጓንት አድርጋ እንደሆነ ግን አላውቅም።»

ከዚያ በኋላ የሆነውን ጩኸት አልጽፈውም። ሐውልቱን እንዲሠራ ከኦማሃ ከተማ የቀጠርነው ቀራጺ መሰልቸቱ ከኛ ባሰና ሁሉንም አስታረቅሁ ብሎ ማንንም ያላስደሰተ ነገር ሠራ፤ ሴትዮዋ ሽርጧን በሁለት እጇ ሰብስባለች፣ በጨርቁ እጥፋት ውስጥ ግን ሳህን የሚያክል ጎድጓዳ ቦታ ብቻ አለ። ባዶ።

በምረቃው ቀን ፓስተሩ ሽርጧን ስለሞላው የስንዴ ዳቦ ጸለየ። አስተማሪዋ ለተማሪዎቿ የአበባ ዘር ነው አለች። ቱርዛ አጠገቤ ቆማ በጥርሷ መካከል፣ «ስንዴ! በእናቴ ጊዜ ስንዴውንማ አንበጣ ነው የበላው!» ትላለች። «አክስት ቱርዛ፣ ጸሎት ላይ ነን» አልኳት። «እሱም ጸሎት ላይ ሆኖ ነው የሚዋሸው» አለችኝ።

በማግስቱ በነሐሱ ሽርጥ ውስጥ አንድ ደረቅ ኩበት ተገኘ። ሌቲሺያ ጓንቷን አጥልቃ መጥረጊያ ይዛ መጣችና ጠረገችው። ቱርዛ ሌላ አስቀመጠች። ያቺ ጠረገች፤ ይቺ አስቀመጠች። በጋው በዚህ አለቀ። ሁለቱም ደግሞ ወደ እኔ ይመጣሉ፤ «አንቺ ጸሎተኛ ነሽ፣ እስቲ ምከሪያት!» እኔ ማን ነኝ? ጌታ ራሱ ማርታን ለማሳመን ደክሟል።

ከዚያ ድርቁ መጣ። አቧራው ፀሐይን ጋረደ፤ ባንኩ ተዘጋ፤ ከሰል መግዣ ገንዘብም ጠፋ። ሴቶች ጆንያ ይዘው እንደ ድሮው ኩበት ለመልቀም ወደ ግጦሹ ሜዳ ወጡ።

አንድ የክረምት ጠዋት መንገዱ በረዶ ስለነበር ቱርዛን ደግፌ ወደ አደባባዩ ወሰድኳት። አዎ፣ በዚያ ብርድም እናቷን መጎብኘት አትተውም። ሌቲሺያ ሐውልቱ ሥር ቆማለች። በእጇ ባዶ የከሰል ባልዲ ይዛለች።

«ዛሬ መጥረጊያሽን ረሳሽው?» አለቻት ቱርዛ።

ሌቲሺያ ቀና አላለችም። «ትናንት ለቅሜ ነበር። ይጨሳል እንጂ አይነድም። ባሌ ደግሞ ሳል ይዞታል።»

እኔ ክንዷን ጠበቅ አድርጌ ያዝኩ። ይህን ያህል ዓመት የተጠራቀመ መልስ በቱርዛ አፍ ውስጥ እንዳለ አውቃለሁና። እሷ ግን እጇን ወደ ነሐሱ ሽርጥ ዘርግታ በረዶውን ጠረገች፤ ራሷ ያስቀመጠችውን ኩበት አወጣችና በኮቷ አበሰችው።

«እርጥቡን ለቅመሽ ነው። እንኪ፣ ይኼ የረጠበው ላዩ ነው እንጂ ውስጡ ደረቅ ነው። በሱ ለኩሺና የራስሽን በእሳቱ ዙሪያ አድርቂው።»

«የእናትሽ አይደለም እንዴ?»

«እናቴ እሳት የጠየቃትን ባዶ እጁን መልሳ አታውቅም። ነይ፣ ምድጃሽንም ልየው፤ አያያዝሽን አላምነውም።»

ሁለቱ እየተነታረኩ ሄዱ። እኔ ሐውልቱ ሥር ቀርቼ አምላኬን አመሰገንኩ፤ እግሬ ቢደነዝዝም።

ቱርዛ ካረፈች ወዲህ ሌቲሺያ ያንን አደባባይ አላፊ አግዳሚውን እያየች ትዞረዋለች። ባለፈው እሑድ አንዲት እንግዳ ቆም ብላ፣ «ሽርጧ ውስጥ ምንድን ነው? አበባ ነው?» አለቻት።

«የምን አበባ!» አለች ሌቲሺያ፣ ድምፅዋ ቁርጥ ቱርዛን መስሎ። «ኩበት ነው እንጂ! በምን ጋገረች ልትዪ ነው?»