ጨው የቀመሰው ጋን

ያ ጸደይ ከሰውነት አይወጣም። በረዶው ቀልጦ ጭቃው ከእግር ጫማ ይነጥቅ ነበር፤ የፕሪም ዛፎቹ ካበቡ በኋላ እንኳ ብርዱ አመሻሽ ላይ ተመልሶ አጥንት ይገባል። ምድጃ ይንደድ ወይስ ይብቃ ብለን ስንዋልል፣ የመንደራችን ዳቦ ቤት ግን አንድ ፍልጥ ሳይማገድበት ይጋግር ነበር።

እሳቱ የሚመጣው ከቬልቾ ጋን ነው። ቬልቾ ዕድሜውን ሙሉ ላም ሲያረባ የኖረ ሰው ነው፤ ሚስቱ ከሞተች በኋላ የመጨረሻዋን ላሙን ሸጦ የዚያ ጋን ጠባቂ ሆነ። ጋን እላለሁ እንጂ ቤት የሚያህል ብረት ነው። መሐንዲሱ ካሊን ከከተማ መጥቶ ሲያስተክለው፣

"ጋሽ ቬልቾ፣ ይኼን እንደ ላም ይቁጠሩት" አለው። "የላም ጨጓራ አይተን ነው የሠራነው። አገዳና ገለባ ያበሉታል፣ እሱ አብላልቶ ጋዝ ይሰጥዎታል። ዝቃጩን ማሳ ላይ ይደፉታል።"

ጋኑ የተጀመረበት እርሾ እንኳ ቄራ ከታረደች ላም ጨጓራ የተቀዳ ነው። ቬልቾ ራሱ በባልዲ ተሸክሞ አመጣው።

ነገሩ ሁሉ ግን ለሴት ልጁ ነበር። ዝላቲና ከፕሌቨን ከተማ ተመልሳ ዳቦ ቤቱን የከፈተችው ጋዙን ተማምና ነው፤ ማገዶ ገዝታማ አያዋጣትም። ጋኑ ከቆመ እሷም ትሄዳለች። ቬልቾ ይህን እያሰበ እንደ ወላድ ላም ተንከባከበው። ጠዋት ጆሮውን ብረቱ ላይ ለጥፎ ሲያዳምጥ የመንደሩ ሴቶች ያዩትና ይቀልዱበታል።

"ጋሽ ቬልቾ፣ ምጥ ሲጀምራት ጥራን እንጂ!"

"እናንተን ከምጠራ ብቻዬን ባዋልዳት ይሻለኛል!"

የጊዮርጊስ ዕለት ደረሰ። በእኛ ዘንድ በዚያ ቀን ከብት ጨው ሳይልስ አይውልም፤ የወተት ባልዲውም የአበባ ጉንጉን ይታሰርለታል። ቬልቾ ጉንጉኑን ጋኑ ቧንቧ ላይ አሰረና ቆሞ አሰበ። ለአንድ ላም እፍኝ ይበቃል፤ ይህ ግን የስንት ላም ጨጓራ ነው? ሁለት ጆንያ ጨው ገለበጠበት።

"ላሺ እናቴ፣ ለከርሞው በሰላም ያድርሰን" አላት።

ብዙም ሳይቆይ የዳቦ ቤቱ እሳት እየሳሳ፣ እየተርገበገበ ሄደ። አንድ ጠዋት ዝላቲና ዱቄት በዱቄት እንደሆነች መጣች።

"አባዬ፣ ሊጡ ኩፍ ብሎ ይጠብቀኛል፤ እሳቱ የለም።"

"ትላንት እኮ በደንብ በልታለች!"

"እሷን ጠይቃታ፣ እኔን ምን ትለኛለህ!"

ካሊን ተጠርቶ መጣ። ከጋኑ ቀድቶ አሸተተና ፊቱን አጨማደደ።

"ምን አበሉት?"

"ገለባ፣ አገዳ። ለጊዮርጊስ ደግሞ ጨው አቀመስኳት።"

"ምን ያህል?"

"ሁለት ጆንያ።"

መሐንዲሱ ሊስቅ ከጀለውና ተወው። ባልዲ ገልብጦ ተቀመጠበት።

"ላም ጨው አትወድም እንዴ?" አለው ቬልቾ።

"ላም ትወዳለች። ገለባውን የሚያብላሉት ግን በዓይን የማይታዩ ነፍሳት ናቸው፤ ጨው ሲበዛባቸው ይሞታሉ።"

"እንደ ላም ቁጠረው ያልከኝ አንተ አይደለህም?"

"ብያለሁ።" ካሊን ራሱን አከከ። "ግን ጨው ብቻውን ነው ለማለትም አልደፍርም። ብርዱም አለ፣ ገለባውም ሻግቷል። እንጃ፣ ጋሽ ቬልቾ።"

አዲስ እርሾ ጨመሩበት፤ አልያዘም። ቬልቾን የጎዳው ያ "እንጃ" ነው። ጨው ነው ቢሉት ራሱን ረግሞ ያርፍ ነበር፤ ብርድ ነው ቢሉትም ሰማዩን። ያገኘውን ሁሉ ይጠይቅ ጀመር። ከብቶቹ ጨው ልሰው ወንዝ ይወርዱ ነበር፤ ታዲያ ጨው ሰጥቶ ውኃ መንፈጉ ይሆን? እንዲህ ይልና ባልዲ ይዞ ይሄዳል፤ ጋኑ ዘንድ ሲደርስ ለምን እንደመጣ ይጠፋውና ጆሮውን ለጥፎ ይቆማል። አንዳንዴ ሆዷ ሲጮህ ሰማሁ ይላል። እኛም አብረን አዳምጠናል፤ የሰማነው ይኑር አይኑር አሁን እርግጠኛ አይደለሁም።

ዝላቲና ዳቦ ቤቱን ዘጋች።

"ና አብረን እንሂድ፣ አባዬ።"

"ብትነሣስ? ማን ያበላታል?"

ብቻዋን ሄደች። የመጀመሪያው በረዶ ሲጥል ግን ተመልሳ መጥታ ወሰደችው። ሲወጣ የደረቀውን ጉንጉን ከቧንቧው ፈትቶ ኪሱ ከተተ። በመጨረሻ የሰማነው ቬልቾ ፕሌቨን ውስጥ፣ ልጁ በተከራየችው ቤት አምስተኛ ፎቅ ላይ እንደሚኖር ነው።