ያለ ስንቅ ወደ ዝዋይ

የበደለኝ ልጄ ብሩክ ነው። ቀኑም አምና የእንቁጣጣሽ ዕለት ማለዳ ነው። ግቢያችን ውስጥ የመኪናውን የኋላ በር ይዞ፣ ፊቴን ሳያይ፣ «እማ፣ መኪናው ሞልቷል። አንቺ ቤት ብትጠብቂ ይሻላል» አለኝ።

ወደ ላንጋኖ ነበር የሚሄዱት። እሱ፣ ሚስቱ ሜሮን፣ የሜሮን እናት ወይዘሮ አስቴር፣ እና ያኔ አራት ዓመት የሆናት የልጅ ልጄ ኤልዳና። ወይዘሮ አስቴር ከሆሳዕና ከመጡ ገና ሦስት ቀናቸው ነበር። እኔ ኤልዳናን የእናቷ የወሊድ ፈቃድ ካለቀበት ቀን ጀምሮ በጀርባዬ ያሳደግኳት ነኝ። ሜሮን ከሳምንታት በፊት ጀምራ «ልጅ ትዝታ ያስፈልጋታል፤ በዓልና ጉዞ ነው የሚቀርላት» ስትል ሰንብታለች። ከስልኳ ላይ አንብባው ነው። ትዝታው እንዲሠራ ግን አንድ ሰው ቤት መጠበቅ ነበረበት።

በእኛ ቤት ስንቅ የሚቋጥረው የሚቀረው ሰው ነው። እናቴም እንዲህ ታደርግ ነበር። ስለዚህ ዋዜማውን ሙሉ ችኮ ስሠራ ዋልኩ። ገብሱን ቆልቼ አስፈጭቼ፣ በተነጠረ ቅቤ አሽቼ፣ በአሮጌው የብስኩት ቆርቆሮ ጠቅጥቄ ሰጠኋቸው። ሊነሱ ሲሉ ሜሮን ስልኳን ዘረጋችልኝ። «እማዬ፣ አንድ ጊዜ ያነሱናል?» አለች። አነሳኋቸው። ፎቶው ታጥቦ በመስታወት ሆኖ ሳሎኔ ውስጥ ተሰቀለ። ከዚያ ወዲህ ቤቴ የገባ ሰው ሁሉ ያያቸዋል። ማን እንዳነሳቸው የጠየቀ የለም።

በዚያው ዓመት ፋሲካ እንዳለፈ ልጅቷን ይዤ እኔም ሐይቅ ላሳያት ወሰንኩ። እኔም የምታስታውሰው አንድ ቀን እንዲኖረኝ ፈለግሁ። የሄድኩት ለዚህ ነው።

ቅዳሜ ጠዋት፣ ሀና ማርያም

የዳግማይ ትንሣኤ ዋዜማ ነበር። ብሩክና ሜሮን ቅዳሜም ሥራ ይገባሉ። ማታውኑ «ነገ ልጅቷን ይዤ ቃሊቲ እህቴ ጋ እውላለሁ» ብያቸው ነበር። አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ወጡ። እኛ ተከትለናቸው ወጣን።

ስንቅ አልያዝኩም። ረስቼ አይደለም። ዕድሜዬን ሙሉ ለሚሄድ ሰው ስቋጥር ኖሬአለሁ፤ አንድ ቀን እንኳ እንደ ወይዘሮ አስቴር ቦርሳዬን አንጠልጥዬ ሆቴል ገብቼ አዝዤ ልበላ ብዬ ነው። ከጡረታዬ ያጠራቀምኩትን በመቀነቴ ቋጥሬ፣ ለኤልዳና ሹራብና መቀየሪያ ልብስ ይዤ ወጣሁ።

ታክሲው እስከ ሳሪስ ጭንቅንቅ ነበር። ከሳሪስ ሌላ ታክሲ ይዘን ቃሊቲ መናኸሪያ ስንደርስ ፀሐይ ወጥታለች። «ዝዋይ! ዝዋይ! አንድ ሰው የቀረው!» ይላል ረዳቱ። ውስጡ ግን ግማሹ ባዶ ነበር። ሰው እስኪሞላ ሃምሳ ደቂቃ ጠበቅን።

«ማዘር፣ ልጅቷን ጭንዎ ላይ ያድርጓት» አለኝ ረዳቱ።

«ለብቻዋ ወንበር እከፍልላታለሁ።»

«ይቺን ለምታክል? ገንዘብዎን ለምን ይጥላሉ?»

«አንተን ምን አገባህ? ክፍያህን ተቀበል።»

ሳቀና ተቀበለ። «ትንሿ እመቤት፣ ወንበርሽ ይኸው» ብሎ በእጁ ጠራርጎ አስቀመጣት። ለሁለታችን ስምንት መቶ ብር ከፈልኩ። ኤልዳና እግሯ ወለል ሳይነካ ቀጥ ብላ ተቀመጠች። ደስ አለኝ።

ሞጆ፣ ቆቃ፣ መቂ

በፍጥነት መንገዱ ላይ ዱከምም ቢሾፍቱም ከሩቅ ታይተው አለፉ። ሞጆ ላይ ወጥተን በአሮጌው መንገድ ወደ ደቡብ ታጠፍን። መንገዱ ዳር ቲማቲምና ሽንኩርት በሣጥን ተደርድሯል። ቆቃ አጠገብ ሰዎች አሳ በገመድ ሰክተው ወደ መኪናው ያነሳሉ። አየሩ እየሞቀ ሄደ። ግራርና አቧራ፣ አህያ ጋሪ፣ ከዚያ ደግሞ ግራር።

ገና ሞጆን ሳንለቅ ኤልዳና እጇን ዘረጋችልኝ።

«እማይ፣ ችኮ ስጪኝ።»

«ችኮ የለም። ስንደርስ አሳ እንበላለን።»

«መኪና ውስጥ እኮ ችኮ ነው የሚበላው!»

«ማን አለሽ?»

«ባለፈው ሰጥተሽኝ የለ?»

ቤት የሰጠኋትን ቀላቅላ መሰለኝ። መቂ ላይ መኪናው ሲቆም በመስኮት ብስኩት ገዛሁላት። አንዱን ነከሰችና መልሳ እጄ ላይ አስቀመጠችው። ከፊታችን የተቀመጡ አንዲት ሴት ዞር ብለው፣ «ምነው እናቴ፣ ልጅ ይዞ ያለ ስንቅ ይወጣል?» አሉኝ። አልመለስኩላቸውም። እውነታቸውን ነበር።

ከጠዋቱ አራት ሰዓት፣ ዝዋይ

አሁን ባቱ ነው የሚባለው። እኔ የማውቀው ዝዋይ ብዬ ነው፣ መኪናውም ሲጣራ የነበረው በዚያው ስም ነው። ከመናኸሪያው ባጃጅ ይዘን ወደ ሐይቁ ወረድን። ውኃው ሰማያዊ አይደለም፤ ሻይ በወተት ይመስላል። አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች እንደ ሽማግሌ ክንዳቸውን አጣጥፈው አሳ ከሚያጸዱት ሰዎች ጀርባ ቆመዋል። ኤልዳና አንዱን አይታ «መላጣ ነው» ብላ ሳቀች። በዚያ ቀን በደንብ የሳቀችው እዚያ ላይ ነው።

ጀልባ ተከራየሁ። ባለ ጀልባው ብርቱካንማውን የመንሳፈፊያ ልብስ ሲያለብሳት አገጯ ውስጡ ገባ። ከወደቡ ትንሽ እንደራቅን ጀልባዋ ስትወዛወዝ ጮኸች። ባለ ጀልባው «አይዞሽ፣ ጉማሬው ዛሬ እረፍት ላይ ነው» አላት። ጉማሬ የሚለውን ስትሰማ ባሰባት። ተመለስን። የሐይቁን ደሴቶች ዳገት ከሩቅ አየሁት።

ምሳ በዛፍ ጥላ ሥር ሙሉ አሳ ጥብስ ከዳጣ ጋር አዘዝኩ። አሳው ዓይን አለው ብላ አልበላም አለች። ዳቦውን ብቻ በላች። እኔ አሳውን እስከ አጥንቱ በላሁት፤ የከፈልኩበት ስለሆነ እንጂ አልጣመኝም።

ከጎናችን አንድ ቤተሰብ ነበር፤ ባል፣ ሚስትና ሁለት ልጆች። ሚስትየዋ ስልኳን ይዛ መጣች።

«እማማ፣ አንድ ጊዜ ያነሱናል?»

ያቺው ቃል። ተነስቼ አነሳኋቸው። ከዚያ «እርስዎንስ ከልጅቷ ጋር ላንሳዎት?» አለችኝ። ከመካኒሳ ነው የመጡት። ከሀና ማርያም ነኝ ስላት «ውይ፣ ጎረቤት ነና!» አለች። ኤልዳናን አቅፌ ውኃውን ከጀርባችን አድርገን ተነሳን።

«ፎቶውን በቴሌግራም ልላክልዎት? ቁጥርዎት ስንት ነው?»

የእኔ ስልክ ባለ ቁልፍ ነው፣ ፎቶ አይቀበልም። በቃሌ የማውቀው ሌላ ቁጥር የብሩክ ብቻ ነው። ትንሽ አሰብኩ። የት እንደዋልን ያውቃል። ይወቅ ብዬ ነገርኳት።

አሥር ደቂቃ አልሞላም፣ ስልኬ ጮኸ።

«እማ! ምንድን ነው ያየሁት? የት ናችሁ?»

«ዝዋይ።»

«ቃሊቲ ነው አላልሽም?»

«በቃሊቲ ነው የመጣነው።»

«ማንን አስፈቅደሽ ነው ልጄን ይዘሽ...»

«ሚኒባሱ ቦታ ነበረው» አልኩት።

ዝም አለ። ይህን ዝምታ ከእንቁጣጣሽ ጀምሮ ስጠብቀው ነበር። ስልኩን ዘጋሁት።

ከቀኑ ሰባት ሰዓት፣ ከዛፉ ሥር

«አባቢ ነው? ለምን ተቆጣሽው?» አለችኝ ኤልዳና።

መናገር አልነበረብኝም። ግን የስልኩ ድል ገና አፌ ውስጥ ነበር። «ላንጋኖ ስትሄዱ አባትሽ ቦታ የለም ብሎ ጥሎኝ ስለሄደ ነው» አልኳት።

ግራ ገብቷት አየችኝ። «ሄደሻል እኮ።»

«አልሄድኩም፣ እሙዬ።»

«ነበርሽ! ከኋላ እኔ በመስኮት፣ እማማ አስቴር በዚያኛው መስኮት፣ አንቺ ደግሞ መሃል። ችኮ ሰጠሽኝ።»

«መሃል ምን ነበር? ደህና አድርገሽ አስታውሺ።»

አሰበች። ጣቷን አፏ ውስጥ ከተተች። «ቆርቆሮው። አባቢ እንዳይወድቅ ብሎ ቀበቶ አሰረለት።»

ወደ ሐይቁ ዞርኩ። አንድ አባ ኮዳ የአሳ አንጀት ጎትቶ ሄደ። መኪናው አልሞላም ነበር። በወንበሬ ላይ የብስኩት ቆርቆሮ ተቀምጦ፣ ቀበቶ ታስሮለት፣ ላንጋኖ ደርሶ ተመልሷል።

«ያ ቆርቆሮ ነው እንጂ እኔ አይደለሁም» አልኳት።

«ታዲያ አንቺ የት ነበርሽ?»

«ቤት።»

«ከማን ጋር?»

«ብቻዬን።»

ጮክ ብላ ብታለቅስ በተሻለኝ፤ እሷ ግን ድምፅ ሳታሰማ እንባዋን አፈሰሰች። ትልቅ ሰው እንደሚያለቅሰው። ስፈልገው የኖርኩት ትዝታ ልጅቷ ዘንድ አስቀድሞ ነበረ። በላንጋኖ መንገድ ላይ፣ መሃል ወንበር ላይ፣ አብሬያት ነበርኩ። ስምንት መቶ ብር ከፍዬ ዝዋይ ድረስ ወስጄ ነጠቅኳት።

መልስ

በዘጠኝ ሰዓት መኪና ተሳፈርን። አሁንም ለሁለት ሰው ከፈልኩ። መቂን ሳናልፍ ኤልዳና እንቅልፍ ወሰዳት፤ ወንበሯን ትታ ጭኔ ላይ ተጠቀለለች። ዓለም ጤና ከተማ ስንደርስ ረዳቱ አጎነበሰልኝ።

«ማዘር፣ ቦታው ባዶ ነው። አንድ ሰው ልጨምር? ሂሳብዎን እመልሳለሁ።»

«ሞልቷል» አልኩት።

ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው ማን ያለው ቃል እንደሆነ የታወቀኝ። ቦርሳዬን ባዶው ወንበር ላይ አስቀመጥኩት። እስከ ቃሊቲ እንደዚያው ሄድን።

ሀና ማርያም የደረስነው ሲመሻሽ ነው። ሜሮን በሩ ላይ ቆማ ነበር። አልጮኸችም፤ ብትጮህ መልስ ነበረኝ። ልጅቷን ከእጄ ተቀበለችና፣ «እማዬ፣ ቢነግሩን እኮ እንከለክልዎት አልነበረም» አለች።

«እኔንም የከለከለኝ የለም። መኪናው ነው የሞላው» አልኳት።

ብሩክ ከሳሎን አልወጣም። ሜሮን ልጅቷን አቅፋ ስትገባ «እንዴት ነበር ሐይቁ፣ የኔ ማር?» ስትላት ሰማሁ።

«ችኮ አልነበረም» አለች ኤልዳና።

ከዚያ በኋላ

በሰኔ ጎፋ ቤት ተከራይተው ወጡ። ምክንያቱ ለሥራ ይቀርበናል የሚል ነው። ፎቶውን ከግድግዳዬ ነቅለው ወሰዱት፤ ሚስማሩ ቀርቷል። ቅዳሜ ቅዳሜ ለአንድ ሰዓት ያህል ልጅቷን ያመጡልኛል፤ አንዳንዴም አይመጡም። የዝዋዩ ፎቶ ብሩክ ስልክ ውስጥ ነው። አጥበህ ስጠኝ አላልኩትም፣ እሱም ልጠብልሽ አላለኝም።

ዝዋይ ያስተማረኝን ልጻፈው። ልጅ ማን መኪና ውስጥ እንደገባ አትመዘግብም፤ ያበላት ሰው ከእሷ ጋር ነበር። ይህን እናቴ ሳታውቀው አልቀረችም፤ ስንቅ ስትቋጥር አጉረምርማ አታውቅም። እኔ ለማወቅ የልጅቷን እንባ ማየት ነበረብኝ። ልጄን ግን ይቅር አላልኩትም።

ዘንድሮ ለእንቁጣጣሽ ሦስት ቀን ሲቀረው ብሩክ ደወለ። ላንጋኖ ሊሄዱ ነው። «እማ፣ ኤልዳና ያለ ችኮ አልሄድም ብላለች» አለኝ። አፍሮ ነበር። ስልኩን ለእሷ ሰጣት።

«እማይ፣ ችኮ ትሠሪያለሽ?»

«እሠራለሁ።»

«እንደ ባለፈው መሃል ትቀመጫለሽ አይደል?»

ዝዋይ ላይ የነገርኳትን ረስታዋለች፤ ወይም አልተቀበለችውም።

«አዎ፣ እሙዬ፣ መሃል ነኝ» አልኳት።

ዋዜማውን ገብስ ቆላሁ፣ አስፈጨሁ፣ በቅቤ አሸሁ። በማግስቱ ማለዳ ብሩክ ብቻውን መጣ። ወይዘሮ አስቴር ዘንድሮ እንደማይመጡ ነገረኝ። «እማ፣ ቦታ አለ። ልበሺና ነይ» አለኝ። ዘንድሮ ፊቴን እያየ ነው። እኔ የእሱን አላየሁም።

ቆርቆሮውን በበሩ አቀበልኩት።

«ቀበቶ እሰርለት» አልኩና በሩን ዘጋሁ።