ዳክዬ የተባለው ገዳይ

የዚያን ቀን ከባሕሩ የተነሣ ጭጋግ ወደቡን ውጦት ነበር፤ ጀልባዎቹ ይሰማሉ እንጂ አይታዩም። ኢሽቤል በላስቲክ የጠቀለለችውን ወፍራም የመጽሐፍ ረቂቅ እጄ ላይ አስቀመጠችና፣ «ሞራግ፣ እስቲ አንብቢልኝ። ሰው የሚያስቀይም ነገር ካለበት አንቺ አታጪውም» አለችኝ።

ኢሽቤል የአክስቴ ልጅ ናት። ሃያ ዓመት ጎን ለጎን ቆመን ዓሣ ሰንጥቀናል። ምሳ ሰዓት ላይ እኛ ስናወራ እሷ የግድያ ልብ ወለድ ትጽፋለች። ሴቶቹ ዛሬስ ማንን ገደልሽልን ሲሏት፣ አለቃችንን፣ ያውም ሁለቴ ትላቸው ነበር።

እኔ ትምህርት ያቆምኩት በአሥራ አራት ዓመቴ ነው። ማንበብ አያቅተኝም፣ ግን እዘገያለሁ፤ ይህን ለእሷ መናገር አፈርኩ። ሠላሳ ገጽ አነበብኩና የቀረውን መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት። ከሦስት ሳምንት በኋላ ጥሩ ነው፣ ምንም የለበትም ብዬ መለስኩላት።

የእኛ መንደር ግማሹ ሰው የቤተሰብ ስሙ ስሌተር ነው። አንድ ጀልባ ላይ ሦስት ዊሊያም ስሌተር ይሠራሉ። ስለዚህ ሰው የሚታወቀው ከአባቱ በወረሰው ቅጽል ስም ነው፤ ፖስታውም የሚደርሰው፣ የመቃብር ድንጋዩም የሚጻፈው በሱ ነው። የአባቴ ዳክዬ ነበር። ኢሽቤል በመጽሐፏ ውስጥ ያለው ገዳይ ማንንም እንዳይመስል መልኩንና ሥራውን፣ የቤተሰቡንም ስም ቀየረች፤ ዳክዬን ግን ተወችው። እናቷ የአባቴ እህት ስለሆነች ስሙ የራሷም መሰላት። ስሙ የሚመጣው አርባኛው ገጽ ላይ ነው።

መጽሐፉ ሲወጣ ሰዎች አባቴን መጠጥ ቤት ውስጥ፣ «ዳክዬ፣ ሬሳውን የት ቀበርከው?» ይሉት ጀመር። ለጨዋታ ነው። አባቴ መጀመሪያ አብሮ ሳቀ። ከዚያ መጠጥ ቤት መሄዱን ተወ፤ በመጨረሻም ወደብ መውረዱን።

ኢሽቤል ይቅርታ ልትጠይቅ መጣች። አባቴ በሩን ሳይከፍት፣ «ሂጂ፣ ልጄ። ያለኝ ያ ስም ብቻ ነበር» አላት። እኔ ኩሽና ቆሜ እሰማ ነበር። ረቂቁን ተቀብዬ ምንም የለበትም ያልኩት እኔ ነኝ ማለት ነበረብኝ። ሠላሳ ገጽ ብቻ እንዳነበብኩ መናገሩ ግን ይበልጥ አሳፈረኝ፤ ከኩሽናው አልወጣሁም።

በሚቀጥለው ዓመት ሞተ። እናቴ ድንጋዩ ላይ ዳክዬ የሚለውን አላስጽፍም አለች፤ አሁን መቃብሩን ከሌሎቹ ዊሊያም ስሌተሮች ለይቶ የሚያገኘው ሰው ጥቂት ነው። በቀብሩ ዕለት ኢሽቤል ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጭ ቆማ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ስድስት መጽሐፍ ጽፋለች። ከመታተማቸው በፊት ግን ማንም እንዲያነብላት አትሰጥም። አሁን አበርዲን ከተማ ውስጥ፣ ከአንድ ልብስ ማጠቢያ ቤት በላይ ብቻዋን ትኖራለች።