ከወንፊቱ ማዶ የነበረችው

ለቃለ መጠይቁ ያዘጋጀችኝ የጎረቤታችን ባለሱቅ ልጅ ናት። ገዳሪፍ ተወልዳ ያደገች፣ ዩኒቨርሲቲ የጨረሰች፣ ከምትናገረው ግማሹ ዓረብኛ የሆነ ልጅ። «ከሥራ ባልደረባሽ ጋር ተጋጭተሽ ታውቂያለሽ ወይ ብለው መጠየቃቸው አይቀርም» አለችኝ። «አላውቅም እንዳትይ፣ አያምኑሽም። ትንሽዬ ጠብ ፈልጊና ንገሪያቸው። ከዚያ ተቀምጠን ተነጋገርን፣ ተግባባን በያቸው፤ ኻላስ።» ትንሽዬ ጠብ ከየት እንደማመጣ አልነገረችኝም። እኔ ስጣላ ትንሽ አላውቅም።

ሥራው አስተርጓሚነት ነበር። በአንድ የእርዳታ ክሊኒክ ውስጥ ከሐኪሙ ጎን ቆሞ፣ ከኛ አገር መጥተው ለታመሙ ሰዎች ዓረብኛውን ወደ አማርኛ መመለስ። የሱዳኑ ጦርነት የካርቱምን ሰው ወደ ገዳሪፍ ካጎረፈው ወዲህ የቤት ኪራይ የማይቀመስ ሆኗል፤ እኔ የምሠራበት የሰሊጥ መጋዘንም ተዘግቷል። ይህን ሥራ ካጣሁ የሚቀረኝ እርሻ ወርጄ ለሠራተኛ ወጥ መሥራት ነው። እዚያ የሄደ ሰው ምን እንደሚሆን ደግሞ አይቻለሁ።

የጠየቀችኝ ሱዳናዊት ራሷም ከካርቱም የተፈናቀለች ደግ ፊት ያላት ሴትዮ ነበረች። ልጅቷ እንዳለችው ጥያቄው መጣ። ሌላ ጠብ ብፈልግ ብፈልግ አጣሁ፤ አንዱ ብቻ ፊቴ ተደቀነ።

መጋዘኑ ውስጥ ትልቁን ወንፊት የሚይዙት ሁለት ሴቶች ናቸው፤ አንዷ ከወዲህ፣ አንዷ ከወዲያ። እኔንና ያቺን የተጣላኋትን ሴት ያጣመሩን ቁመታችን ስለሚመጣጠን ነው እንጂ ጠባያችንስ አይገናኝም። እኔ ግንፍል ባይ ነኝ፣ እሷ የረጋች። በዕድሜ ስለምትበልጠኝ እትዬ እላታለሁ። የመጣችው ከመተማ ቆላ ነው፤ ሰፈራችን ስለሚቀራረብ የእናቴን ቤት ታውቀዋለች።

እናቴ ክረምት ላይ ሞተች። እኔ አልሰማሁም። ወንድሜ ለእትዬ ደውሎ ነገራት፤ መንገድ ሲከፈት ራሱ መጥቶ በወጉ እንደሚያረዳኝ፣ እስከዚያ ግን እንዳትነግረኝ አደራ አላት። በኛ ዘንድ መርዶ በስልክ አይነገርም። ዘመድ ተሰብስቦ በማለዳ ይመጣል፤ የተረዳው ሰው ሲወድቅ የሚይዘው ሰው ይኖራል። እሷም ወጉን ጠበቀች። መንገዱ ግን በአገር ቤቱ ውጊያ እንደተዘጋ ሰነበተ። ሰሊጡ ታጭዶ መጋዘን ሲገባ ወንድሜ ገና አልመጣም ነበር፤ እኔና እሷ ወንፊታችንን ያዝን።

ፊት ለፊት ተያይተን ነው የምንውለው። እኔ ስለ እናቴ አወራለሁ፣ እሷ ትሰማለች፣ ትስቅልኛለች። አንድ ቀን መንገድ ሲከፈት ለእናቴ የምልከውን ብርድ ልብስ ልገዛ ገበያ አብረን ወጣን። ቡናማውንና ቀዩን ይዤ ስወላውል «ቀዩን ያዢላት፣ ለሰውነቷ ይስማማል» አለችኝ። ቀዩን ገዛሁ።

ከአገር ቤት በእግሯ አቆራርጣ አዲስ የመጣች አንዲት ሴት፣ የሰማሁ መስሏት፣ መጋዘኑ በር ላይ «እናትሽን ነፍስ ይማር» አለችኝ። እንዲህ ነው የተረዳሁት። አልቅሼ ሳበቃ ያንገበገበኝ ያ ብርድ ልብስ ነው። ሴቱ ሁሉ እየሰማ «ለሞተች ሴት ብርድ ልብስ እየሳቅሽ ታስመርጪኛለሽ?» አልኳት።

«ብቻሽን እንዴት ላርዳሽ? ከማን ጋር ታለቅሻለሽ ብዬ?» አለች።

ከዚያ በኋላ ተኮራረፍን። ወንፊቱን ግን አብረን ያዝን፤ ለቁመቴ የሚሆን ሌላ ሰው አልነበረም። መግፋትና መሳብ ቃል አይፈልግም። ማረፍ ስፈልግ አጠገባችን ያለችውን ሴት «ታቁም በያት» እላለሁ። ቆይቶ ሽማግሌ ገባና ለዐቢይ ጾም መግቢያ እንድንታረቅ ቀጠረን። ሁለታችንም እሺ አልን። እኔማ ንዴቴ በርዶልኝ ነበር፤ የቀረኝ ናፍቆቷ ነው።

ጾሙ ሳይገባ መጋዘኑ ተዘጋ። እሷ ለማሽላ አጫጆች ወጥ ልትሠራ ባሱንዳ እርሻ ወረደች፤ እዚያ ወባ ጣላት፤ እዚያው ቀበሯት። የነገሩኝ ከእርሻ የተመለሱ ሠራተኞች ናቸው፤ ከሎሪው እንኳ ሳይወርዱ፣ ሰላም እንደሚሉ ሁሉ። መንገድ ላይ ቁጭ አልኩ። የሚይዘኝ ሰው አልነበረም። እሷ የፈራችልኝ ምን እንደሆነ የገባኝ ያን ጊዜ ነው፤ ግን ገባኝ ብዬ እንዳልነግራት እሷ የለችም።

«ታዲያ እንዴት ፈታችሁት?» አለች ሴትዮዋ። አንዲት ባልደረባዬ ነገር ደብቃኝ ተጣላን ከማለት ሌላ ምንም አልነገርኳትም ነበር።

«ተቀምጠን ተነጋገርን፣ ተግባባን» አልኳት።

«ማሻላህ። አሁንስ ትገናኛላችሁ? ደህና ናት?»

«ደህና ናት፣ አልሃምዱሊላህ።»

አፌን አልያዘኝም፤ ለምጄዋለሁ። መተማ ያለች የእትዬ ልጅ ወልዳ ተኝታለች። ለአራስ መርዶ አይነገርም፤ ደንግጣ ወተቷ ይደርቃል፣ እሷም ትታመማለች። አክስቶቿ ክርስትናው እስኪያልፍ እንዳልነግራት አደራ ብለውኛል። ልጅቷ ትደውላለች። እናቷ ስልክ የማታነሳው ለምን እንደሆነ ትጠይቀኛለች። ኔትወርክ የሌለበት እርሻ ላይ ናት እላታለሁ። ሰላምታዋን አደርሳለሁ፤ የሰላምታውንም መልስ እኔው ፈጥሬ እመልሳለሁ።

ሥራውን አገኘሁት። ጥሩ መልሰሻል አሉኝ።

በዚያው ሰሞን የእትዬ ልጅ ደወለች። ክርስትናው ደርሷል፣ ልጁ ግን ገና የቤት ስም የለውም። «እናቴ ታውጣለት ብዬ ነው የቆየሁት። ባክሽ እርሻ የሚወርድ ሰው ፈልገሽ አስጠይቂልኝ» አለችኝ። እሺ አልኳት። ሌላ ምን ይባላል? አንድ ቀን ሙሉ ሳስብ ዋልኩ። እሷ ብትኖር ምን ትለው ነበር እያልኩ፣ የምትወዳቸውን ስሞች፣ ስለ ሟች ባሏ ስታወራ የምትላቸውን ሁሉ አወጣሁ አወረድኩ።

በማግስቱ ስትደውል አንዱን ስም ነገርኳት። እናትሽ ናት ያወጣችለት አልኩ። ልጅቷ ስሙን ደጋግማ ጠራችው። ከዚያ «ሰምታ ምን አለች? ደስ አላት?» ብላ ጠየቀችኝ።

«ሳቀች» አልኳት።