ኳሷ እስክትቆም

ሰሞኑን ደሴ አንድ ፑል ቤት ስገባ የጠመኔው ሽታ ልጅ ሆኜ ወደኖርኩባት መካነ ሰላም መለሰኝ።

እዚያ ከረንቡላ ያስተማሩኝ ጋሽ ይመር ናቸው፤ ጡረታ የወጡ ሹፌር ነበሩ። ኳስ እንድነካ ከመፍቀዳቸው በፊት ባዶ ጠርሙስ ጠረጴዛው ላይ አጋድመው፣ አንገቱን ሳልነካ የመምቻውን እንጨት ሃምሳ ጊዜ እንዳስገባና እንዳወጣ ያደርጉኝ ነበር። "አንዴ ተንፍስና ምታ። ኳሷ እስክትቆም ቀና እንዳትል!" ይሉኛል።

ያቃተኝ ይኸው ነበር። ንጉሡ የወረዱበት፣ የረሃቡ ዓመት ነው። ከገጠር የተሰደዱ ሰዎች የከረንቡላ ቤቱ በረንዳ ላይ ይቀመጣሉ። በመስኮቱ ትይዩ አንዲት እናት ሕፃን ታቅፋ ትውላለች። ልመታ ስል ዓይኔ ወደ እሷ ይሄድና እስታለሁ። ጋሽ ይመር ጠዋት ጠዋት ዳቦ ይሰጧታል፤ እንጨት ከያዙ ግን ወደ መስኮቱ አያዩም።

አንድ ቀን ተነፈስኩና መታሁ። ወዲያው ከውጭ ጩኸት ሰማሁ። ቀና አላልኩም። ኳሷ ሁለት ጠርዝ ነክታ የሩቋን ኳስ መታችና ቆመች። እንደዚያ መትቼ አላውቅም ነበር።

"አዩልኝ ጋሽ ይመር?" ብዬ ዞርኩ።

እንጨታቸው ግድግዳው ላይ ተደግፏል። እሳቸው በረንዳው ላይ ተንበርክከው "ያረቢ፣ ያረቢ" እያሉ ሕፃኑን በጋቢያቸው ይገንዛሉ።

በማግስቱ ጠርሙሱን እንደ ወትሮው አጋደሙልኝ።

ደሴ ላይ ወጣቶቹ "ይሞክሩ አባባ" ብለው እንጨት ሰጡኝ። ጎንበስ ብዬ ተነፈስኩ። ከዚያ ሳልመታ ቀና አልኩና በመስኮቱ ወደ ውጭ አየሁ።